ቀለም ቀቢው ያጸዳው አልበም

እድፍ የእሱን ዓይን አምልጦ አያውቅም። ሌላው ሰው አንድ ክፍል ሲገባ ሶፋውን፣ መጋረጃውን፣ የተቀመጠውን ሰው ያያል፤ እሱ የሚያየው ከመብራት ማብሪያው ዙሪያ የተለጠፈውን የጣት አሻራ፣ ከጣሪያው ጥግ የሰረገውን ውሃ፣ ከበሩ ጀርባ ኳስ ያረፈበትን ቦታ ነው። ቀለም ቀቢ ነው። ቀለም ቀቢ ብሎ ማለፍም ግፍ ነው፤ ሮለሩን ይዞ ግድግዳ ፊት ሲቆም ግድግዳው ደንግጦ ግማሹን በራሱ ይነጣል። ስንጥቅ በስቱኮ የደፈነ እንደሆነማ፣ መሐንዲሱና ግንበኛው አብረው መጥተው በባትሪ ቢፈልጉ የት እንደነበረ አያገኙትም።

ማጉያ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ መሰላል አምጡ ሲል፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ሰው መሰላል ተሸክሞ ይመጣል። ደግሞም አፉ የገባ ነገር አብጦ ነው የሚወጣው፤ ድመት ካየ ነብር ነው፣ ካፊያ ከነካው ጎርፍ ነው፣ ጉንፋን ከያዘው ሐኪሞች ተሰብስበው የመከሩበት በሽታ ነው። ሃምሳን ተሻግሯል፤ አፉ ግን ገና ሃያም አልሞላው።

ታዲያ እናታቸው ሰባ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ እሱንና ታናሽ ወንድማቸውን ቤቷ ጠራቻቸው።

"የእማዬ ፎቶዎች ቆርቆሮ ውስጥ ሊበሰብሱ ነው" አለች። "እንደ ዘመኑ በኮምፒውተር አልበም እናድርግላት። በየገጹ ጌጥ ያለበት፣ ማን እንደሆነ የት እንደሆነ የተጻፈበት። እሑድ እዚህ ትመጣለች፣ በቴሌቪዥኑ እናሳያታለን።"

ታናሽየው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ የሰው አፍ ሲያስከፍት እንጂ የራሱን ሲከፍት የማይታይ ሰው ነው። እሱ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ማጉያ ደረቱን መታ።

"ለእኔ ተዉት።"

"ለአንተ?" አለች እህቱ። "ስልክህ በተቆለፈ ቁጥር ሚስትህን የምትጣራ ሰው አይደለህ እንዴ?"

"እሱ ቁጥር ነው። ይሄ ጥበብ ነው። እትዬ ትሙት፣ ዓይተሽ የማታውቂውን አልበም ነው የማሳይሽ።"

"እኔን ለምን ትገድለኛለህ? በራስህ ማል።"

ሥራው ተጀመረ። ሰው ኮሌጅ ገብቶ ጸጉሩን የሚያሸብትበትን ትምህርት ማጉያ ሻይው ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው፤ የሥራ ባልደረቦቹ የሰሙት እንዲህ ነው። በርግጥ አስተማሪዋ ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ "እሱን አይደለም፣ ከላይ ያለውን፣ ተው አትንካው፣ አሁን ንካው" እያለች ትንሽ ረድታዋለች። እናቱ ቤት ሄዶ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በስልኩ አንሥቶ፣ የሚስቱ ላፕቶፕ ላይ ገለበጣቸው። ፕሮግራሙ ባዶ ገጽ ይሰጠዋል፤ እሱ ፎቶውን ያስቀምጥበታል፣ ፍሬም ያለብሰዋል፣ ጥጉ ላይ አበባ ጣል ያደርጋል፣ ከሥሩ ይጽፋል። አበባው ላይ ትንሽ በዛ ማለቱ አልቀረም። የእህቱ የልጅነት ፎቶ ከጽጌረዳ ጫካ ውስጥ አንገቷን ብቅ ያደረገች አስመስሏታል።

ልቡን የሰረቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብሩሽ አለች። ፎቶው ላይ ያለ እድፍ ላይ ስታሳልፋት እድፉ ይጠፋል፤ ዙሪያው ያለው ግድግዳ ከሆነ ግድግዳ፣ ልብስ ከሆነ ልብስ ሆኖ ይሞላል። መሰላል የለ፣ ስቱኮ የለ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ የለ። ማጉያ ይህችን ብሩሽ ባገኘ ጊዜ ለዘመናት ሲጠብቃት የኖራትን ዘመዱን ያገኘ ነው የመሰለው።

"ይህችን የሠራ ሰው" አላት ሚስቱን፣ "ቀለም ቀቢ ነበረ። እምላለሁ።"

የድሮዎቹ ፎቶዎች ደግሞ የእድፍ መዓት ናቸው። የሻይ ብርጭቆ ያረፈባቸው አሉ፣ ሻጋታ የበላቸው አሉ። ከሁሉም የባሰው ግን ቤት ውስጥ በተነሡት ላይ ሁሉ የሚመላለስ አንድ አመድማ ነገር ነበር፤ አንዴ ከእናታቸው ጉልበት አጠገብ፣ አንዴ ከሶፋው ጫፍ፣ አንዴ ከአባታቸው እግር ሥር እንደ ጭስ የተንሳፈፈ። ማጉያ ገና ሲያየው ምክንያቱን ደረሰበት። ፎቶውን ያጠበው ሰው መድኃኒቱን በደንብ አላጠራም፤ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው። አፉን ሞልቶ ሰደበውና ብሩሿን አነሣ። ጭሱን ከእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ጠረገ። ሲጨርስ የሰባት ፎቅ ሕንጻ ቀብቶ እንደወረደ ሰው ወገቡን ይዞ ተንጠራራ። ክፍሎቹ ጠሩ፣ ግድግዳዎቹ ነጡ። አባታቸው ብቻ አንድ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ባዶ አየር ጨብጠው ቀሩ፤ ያም ቢሆን ለማጉያ ግርማ ሞገስ ነው የመሰለው። "አቋቋሙን እዩልኝ" አለ። "ጄኔራል እኮ ነው የሚመስለው።" አባታቸው በሕይወት ሳሉ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ቆማ ሻይዋን እየጠጣች፣ ገጾቹን አየች።

"ያምራል" አለች። "አበባው ቢቀነስ። እህትህ እንዴት ታምር ነበር። ይሄ ወፍራሙ ሐኪሙ ነው?"

"እሱ ነው። ያኔ ይበላ ነበር።"

"አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"አንተ የታለህ? ወንድምህ ሲወለድ አራት ዓመትህ አልነበር?"

ማጉያ ገጾቹን ወደ ኋላ መለሰ፣ ወደ ፊት ገፋ። እህቱ በሁሉም አለች፤ ጸጉሯ በሪባን ታስሮ፣ ቀጥ ብላ ቆማ። ወንድሙ በእናቱ እቅፍ አለ። እናትና አባቱ አሉ። ድመቷ እንኳ ሁለት ቦታ ላይ አለች። እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ፣ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ነው። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ አልነበረም።

"ስጫወት ይሆናል" አለ። "ውጭ።"

"በሁሉም ቀን?" አለችና ሚስቱ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ወጣች። ምን ጥላበት እንደሄደች አላወቀችም።

ልጅ ሳሉ እህቱ ስትናደድበት የምትለው ነገር ነበር። "አንተን እኮ እማዬ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ዳር አግኝታህ ነው።" እያንዳንዱ ታላቅ እህት ይህን ትላለች። እያንዳንዱ ታናሽ ወንድምም አልቅሶ ይረሳዋል። ማጉያ ግን ያን ቀን ጠዋት በሃምሳ አንድ ዓመቱ አስታወሰው። ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ሰረገ ውሃ ነው፤ በየት እንደገባ ሳይታወቅ ጣሪያውን ሙሉ ቢጫ ያደርገዋል። ቤተሰቡን በዓይነ ሕሊናው ደረደረ። አባቱ ቀጭን፣ እናቱ ቀጭን፣ እህቱ በራሷ መርፌ ቀዳዳ የምታልፍ፣ ወንድሙም ሕፃንነቱ ካለፈ ወዲህ ሸንበቆ። እሱ ደግሞ በር ሲገባ መጀመሪያ ሆዱን የሚያስገባ። እነሱ ዝም አይነቅዝም ብለው ማንኪያ ሲያስቀምጡ እንኳ ድምፅ የማያሰሙ። እሱ ሲያንኮራፋ የጎረቤት ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥ። እነዚህ ሰዎች እሱን ወለዱት ማለት ሁለት ድንቢጦች ተጋብተው ጎሽ ወለዱ ማለት ነው።

ሥራ ቦታ እንደ ደረሰ የመኝታ ቤቱን ቀለም ወጥ ቤቱን ቀባበት። ግድግዳው ላይ የወረደ ጠብታ አይቶ አለፈው። የሥራ ጓደኛው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ጠብታውን አየና ፊቱን አየው።

"ምነው ዛሬ? ባትሪህ አለቀ እንዴ?"

"ደኅና ነኝ።"

"ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልዋሸህም። አሞህ ከሆነ ንገረን።"

በምሳ ሰዓት ለእህቱ ደወለ። ከጀርባዋ የስፌት መኪናው ይንጣጣል።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ፕሮግራሙ እምቢ አለህ አይደል? አውቄያለሁ።"

"አይደለም። ልጆች ሆነን… ከመንገድ ዳር ነው የመጣኸው ትይኝ የነበረው።"

"እህ?"

"ዝም ብለሽ ነው አይደል?"

የስፌት መኪናው ቆመ። እህቱ ሳቀች። "ምን ዝም ብዬ ነው? በካርቶን ነው የመጣኸው። ካርቶኑ ጥሩ ካርቶን ነበር፣ እሱን ነበር ማስቀረት። በል ደንበኛ ቆማብኛለች፣ ልለካት ነው።" ዘጋችው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እህቱ የደንበኛዋን ወገብ እየለካች ቀልዷን ረሳችው፤ ማጉያ ግን ያን ሁሉ ቃል ተሸክሞ ቀረ። "ጥሩ ካርቶን ነበር" አለች። የካርቶኑን ዓይነት ያወቀች ሰው እንዴት ትቀልዳለች? ያን ቀን ምሳውን አልበላም፤ እሱ ምሳ ተወ ማለት ባቡር ሐዲድ ተወ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ እናቱ ቤት ሄደ። እናቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የወንበር ልብስ ይጠግናሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ የሚናገሩት ግን ዒላማ አይስትም።

"ምነው ቀጠንክ?" አሉት ገና ሲገባ።

"እኔ? ቀጠንኩ?" ቀጥነሃል ተብሎ አያውቅም። ለሐዘን የሚሆን ጊዜ ባይሆን ኖሮ ይኩራራበት ነበር።

ተቀመጠ። ዳቦና ሻይ አቀረቡለት፤ አልነካውም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ቀጥታ ሊጠይቅ ነበር አመጣጡ፤ አፉ ግን፣ ያ እሳት የማይነካው አፍ፣ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። በዙሪያ ጥምጥም ገባ።

"እማዬ፣ ሰው ያልወለደውን ልጅ ቢያሳድግ… እንደ ልጁ ነው አይደል?"

እናቱ መርፌያቸውን አቆሙ። "ማንን አሳደግክ?"

"እኔ አይደለሁም። በጠቅላላው ነው።"

"ሚስትህ ታውቃለች?"

"ምኑን?"

"ልጁን ነዋ። ስንት ዓመቱ ነው?"

"እማዬ፣ ልጅ የለም።"

"ከሌላ ሴት ወልደህ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፤ እሑድ ሰው ፊት አታሳቅቀኝ። እኔን የመሰለ ከሆነ አምጣው፣ አንተን የመሰለ ከሆነ ትንሽ እንሰንብት።"

ማጉያ በሁለት እጁ ፊቱን አሸ። ወደ ፊት ቢል ገደል፣ ወደ ኋላ ቢል ገደል። ምን ያድርግ፣ ላፕቶፑን ከፈተና ወደ እሳቸው አዞረው። "አልበሙን ላሳይሽ ብዬ ነው የመጣሁት" አለ። "እድፉን ሁሉ አጽድቼልሻለሁ።"

እናቱ መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ገጽ አዩ። ሁለተኛውን አዩ። ጽጌረዳዎቹን በትዕግሥት አለፏቸው። ሦስተኛው ላይ፣ አባታቸው አየር ጨብጠው ከሶፋው አጠገብ የቆሙበት ላይ፣ ጣታቸውን አሳረፉና ቀና አሉ።

"ልጄን ምን አደረግከው?"

"የትኛውን ልጅሽን?"

"አንተን ነዋ። የትኛውን ይለኛል እንዴ። እዚህ ጋ ነበርክ እኮ።"

ማጉያ አልገባውም። እናቱ ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮውን አወጡ። ወረቀቱን ፎቶ ፈልገው ከስክሪኑ ጎን አስቀመጡት። አባታቸው ያው፣ ሶፋው ያው፣ እህቱ ያው፤ ከአባታቸው እግር ሥር ያ ጭስ መሳይ ነገር።

"ይኸው" አሉ እናቱ፣ ጭሱን እየነኩ።

"ይሄማ እድፍ ነው። አጣቢው መድኃኒቱን ሳያጠራ—"

"እድፍ አባትህ ይሁን" አሉና ወዲያው "አፈር ስሆን፣ ነፍሱን ይማረው፣ አንተ እኮ ነህ የምታናግረኝ" አሉ። ከዚያ እየሳቁ ነገሩን አወጡት። ያኔ ቤተሰቡን ፎቶ የሚያነሣው የእናቱ ወንድም ነበር፤ የብልጭታ መብራት የልጆችን ዓይን ያጠፋል ብሎ ያመነ ሰው። በመስኮት ብርሃን ብቻ ቀስ ብሎ ነው የሚያነሣው፣ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እስክቆጥር ትንፍሽ እንዳትሉ ይላል። እህቱ ከሐውልት በላይ ትቆማለች። ሕፃኑ ተኝቷል። "አንተ ደግሞ 'አንድ' ሲል ተነሥተሃል። እዚህ ጋ ትጀምራለህ፣ እዚያ ጋ ትጨርሳለህ። አጎትህ ፊልም አቃጠለብኝ እያለ ስንቴ አኩርፎ ሄዷል።"

ማጉያ ወረቀቱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። አፍንጫው እስኪነካ አቀረበው። ሮጦ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ፊት የለው፣ እግር የለው፣ እንደ ተነፈሰ ትንፋሽ የተዘረጋ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አባቱ በያዙት በኩል። ኮሌታ ነው። ከኮሌታው ሥር አንዲት ቁልፍ ትታያለች፣ ከላዩ ደግሞ የጆሮ ጫፍ። የቀረው ልጅ እየበረረ፣ ያቺ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ በአባቱ እጅ ተይዛ ቆማለች።

"አንገትጌህን ይዞህ ነው" አሉ እናቱ ከኋላው። "ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የሚይዝህ። ካለቀቅኩት ይታያል ይል ነበር፤ ምስኪን፣ ይዞህም አልታየህም።"

ማጉያ ፎቶውን እንደያዘ ወደ እናቱ ዞረ።

"እንግዲያው… አንቺ ነሽ የወለድሽኝ?"

እናቱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ብዙ ስለሆነ ጊዜ ወሰደባቸው። የካርቶኑንም፣ የስልኩንም፣ ምሳ ያልተበላበትንም ቀን ከፊቱ ላይ ያነበቡት ይመስላል።

"አንተ ሞኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይሄን አፍህን የሰማሁት ለሰው ልጅ ብዬ ይመስልሃል? የሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ በሳምንትህ መልሼህ ነበር።"

ማጉያ ተነፈሰ። ምን ተነፈሰ ይባላል፤ መጋረጃው ተነሣ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ተገላበጡ፣ ከታች መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ ቀና አለ። ሁለት ቀን ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ዳቦውን አየው። የቀረበለትን በላ፤ የእናቱንም በላ፤ ለነገ የተቀመጠውንም ጠየቀ።

"ቀስ ብለህ ብላ" አሉት። "ደግሞ ያን የቁም ሣጥን በር ሳትጠግንልኝ እንዳትሄድ። ካልኩህ ስንት ወር ሆነኝ። ተናጋሪ ብቻ። እጅህንም ታጠብ፣ በቀለም እጅ ነው እንዴ ፎቶውን የያዝከው?"

"ቀጥይ፣ ቀጥይ" አለ ማጉያ አፉ ሞልቶ። በሕይወቱ እንዲህ የጣመው ስድብ የለም።

ጠረጴዛውን ወደ ብርሃኑ ስበው ሥራውን እንደ አዲስ ጀመሩት። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል፤ እሱ ራሱን ነበር ያፈሰሰው። ቤት ውስጥ የተነሡትን ፎቶዎች በሙሉ በስልኩ መልሶ አነሣቸው፣ በጸዱት ፋንታ ከነጭሳቸው አስገባቸው፤ ያቺን ብሩሽ አንዴም ሳይነካ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጭስ ምን ላይ እንደነበረ ይነግሩታል፤ እሱ ከሥሩ ይጽፋል።

"ይሄኛው?"

"ሽንትህ መጥቶ።"

"እሱን ልጻፈው?"

"እውነት ነው፣ ጻፈው።"

"'በአስቸኳይ ጉዳይ ሲወጣ' ብል አይሻልም?"

"እንደፈለግክ። ይሄኛው ድመቷን ስታባርር። ድመቷ ቆማለች እኮ፣ አየሃት? አንተን ታዝባ ነው የቆመችው። ይሄኛው ደግሞ የወንድምህን ጡጦ ልትነጥቅ።"

"ነጠቅኩት?"

"ጨረስከው።"

ማጉያ ፎቶውን አጎላው። ከትልቁ ፍሬም ውስጥ አስገባው። "ፍጥነቱን እዪልኝ እማዬ" አለ። "ካሜራ ያልደረሰበት ሰው። በዚያን ዘመን እንዲህ የሚሮጥ ልጅ በዓለም ላይ ስንት ይኖራል? ሁለት? ሦስት?" ድምፁ ተመልሷል፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት መታች። እናቱ ጆሯቸውን እንኳ አልያዙም። ፈገግ ብለው ሌላ ፎቶ ከቆርቆሮው አወጡ።

ከሰዓት በኋላ እህቱ ደወለች። የስፌት መኪናው ድምፅ የለም፤ ሱቋን ዘግታለች ማለት ነው።

"አልበሙ አለቀ?" አለች። "ነገ እኮ ነው።"

"ትንሽ ቀርቶኛል። ሰው ተጨምሯል።"

"ደግሞ ማንን ጨመርክ? እንግዳ ሰው እንዳታስገባብኝ።"

"እኔን።"

እህቱ፣ ልጅ ሳሉ መንገድ ስታሻግረው እጁን ይዛ የምታናግርበትን ዓይነት ድምፅ አውጥታ፣ "አንተ ደግሞ" አለች፣ "መቼ ጎድለህ ታውቃለህ?"